ሸክላው በቤተ ልሔም፣ ሸክላ ሠሪዋ በደጅ
ከዕደ ጥበብ ባለሙያ ወገኖች ጋር በአጋርነት ስለ መሥራት ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ የጥናት ጽሑፍ

ከእንጦጦ ተራራ በስተ ሰሜን፣ ወደ ጎጃም በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በሱሉልታ ከተማ በገበያ ቀን የተገኘ ሰው፣ ከእህሉና ከድንቹ፣ ከበጉና ከቅቤው አጠገብ በጭድ ላይ የተደረደረ የሸክላ ዕቃ ማየቱ አይቀርም። ጀበናው፣ ድስቱ፣ ምጣዱ፣ የዕጣን ማጨሻው ሁሉ አለ። በሰበታና በቡራዩ ገበያዎችም እንዲሁ ነው። ሻጮቹ በአብዛኛው ሴቶች ሲሆኑ ከእነርሱም ውስጥ ዕቃውን በገዛ እጃቸው የሠሩት ይገኛሉ። ገዢው ምጣዱን በጣቱ ቆርቁሮ ድምፁን ያዳምጣል፤ ስንጥቅ እንደሌለው ካረጋገጠ በኋላ ዋጋ ተከራክሮ፣ ከፍሎ ይሄዳል። ሠሪዋ ማን እንደ ሆነች፣ እሑድ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደምታስቀድስ የሚጠይቅ ግን የለም።

ምጣዱ ወዴት እንደሚሄድ እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች እናውቃለን። በብዙ የገጠር አጥቢያዎች ዲያቆናት ለመሥዋዕት የሚሆነውን ኅብስት በቤተ ልሔም የሚጋግሩት በሸክላ ነው። የሰንበቴው ጠላ የሚጠነሰሰው በጋን ነው። በማኅበር ቀን ዙሪያዋን በነጭ ጨርቅ ተሸፍና ከቤት ወደ ቤት የምትተላለፈው ጽዋም ብዙ ጊዜ የሸክላ ናት። የአገልግሎታችን ሥርዓት፣ ከመቅደሱ ደጅ እስከ ደጀ ሰላሙ፣ በሸክላ ሠሪ እጅ ላይ የተመሠረተ ነው ማለት ይቻላል። ታዲያ በዚያች ጽዋ ዙሪያ ከተቀመጡት ማኅበርተኞች መካከል ሸክላ ሠሪ አለችን?

ይህ ጥናት በዚህ ጥያቄ ላይ የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት አባቶች አብረው እንዲወያዩ የቀረበ ነው። ስለ እርዳታ አሰጣጥ ብዙ ተጽፏል። እዚህ የምንመለከተው ከእርዳታ የሚቀድመውን፣ ማለትም ለብዙ ዘመን በሙያቸው ምክንያት ከኅብረተሰቡ ጠርዝ ላይ ከቆሙ ወገኖች ጋር እንደ እኩያ ተቀምጦ መሥራትን ነው።

ስማቸውና ታሪካቸው

በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚያለፋው፣ ሸማ የሚሸምነው ሰው በየአካባቢው የተለያየ ስም ተሰጥቶታል። በአማርኛ ጠይብ፣ ፋቂ፣ ቡዳ፣ ቁጢት በጣሽ ተብሏል። በኦሮምኛ ቀጥቃጩ ቱምቱ ይባላል። በጉራጌና በአጎራባቾቹ ፉጋ፣ በከፋ ማንጃ፣ በጣና ዳርቻ ወይጦ የሚሉ መጠሪያዎች አሉ። አንዳንዶቹ ስሞች ሙያን ወይም ሕዝብን ብቻ የሚያመለክቱ ሆነው ሳለ በአፍ ሲነገሩ ግን ስድብ ሆነዋል። ስለዚህ ኮሚቴዎች ቃለ ጉባኤ ሲጽፉ «የሸክላ ባለሙያዎች»፣ «አንጥረኞች»፣ «ሸማኔዎች» ብለው በሙያቸው እንዲጠሯቸው፣ ከዚያ ያለፈ መጠሪያ ካስፈለገም ባለቤቶቹን ራሳቸውን ጠይቀው እንዲጽፉ ይመከራል።

የመገለሉ ምንጭ አንድ አይደለም። ከምክንያቶቹ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው ግን የመሬት ጉዳይ ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው አገር ርስት የሌለው ሰው ሙሉ ሰው ሆኖ አይቆጠርም ነበር። የዕደ ጥበብ ባለሙያዎች በአብዛኛው ርስት አልነበራቸውም፤ ሲኖራቸውም በጭሰኝነት ነበር። ባለርስቱ ማረሻውን የሚሠራለትን፣ ሚስቱም እንስራውን የምትሠራላትን ሰው እየፈለጉ፣ ከእርሱ ጋር መብላትን፣ መጋባትን፣ አንዳንድ ቦታም አንድ መቃብር ላይ መቀበርን ግን ይጸየፉ ነበር። የቤተ እስራኤል ወገኖች በጎንደርና በሰሜን አካባቢ ወደ ብረትና ወደ ሸክላ ሥራ የገቡበትን ሁኔታ የታሪክ ጸሐፊዎች ከርስት መነፈጋቸው ጋር ያያይዙታል። ዛሬ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ በወለቃ የሚሸጠው የሸክላ ሥራ የዚያ ታሪክ ቅሪት ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ግን ቀጨኔ ነው። ከሱሉልታ ተነሥቶ የእንጦጦን ዳገት ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው የቀጨኔ መድኃኔ ዓለምን አካባቢ ያገኛል። በዚያ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ፣ ወንዶቹ በሽመና ለረጅም ዘመን ኖረዋል። ሽማግሌዎቻቸው ወላጆቻቸው ከሰሜን ሸዋ እንደ መጡ፣ አዲስ አበባ ስትቆረቆርም ቤተ መንግሥቱንና አብያተ ክርስቲያናቱን በማነጽ እንደ ተሳተፉ ይተርካሉ። የመናገሻይቱ ከተማ መሠረት ሲጣል የእነርሱ እጅ ነበረበት፤ ልጆቻቸው ግን በትምህርት ቤት «ቡዳ» እየተባሉ አድገዋል።

መንግሥታት ይህን ለማስቀረት የሞከሩት ገና ጥንት ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል፣ ተሳዳቢውንም የሚቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ባለርስትና ጭሰኛ የሚባለውን ልዩነት አፈረሰ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች በማኅበራዊ አመጣጥ፣ በትውልድ ወይም በሌላ አቋም ምክንያት ልዩነት ሳይደረግባቸው በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጓል። ሕጉ አልጎደለም። ከአዋጁ በኋላ ከ100 ዓመት በላይ ሲቆጠር ነገሩ ጨርሶ አለመጥፋቱ፣ ሕግ የማይገባበት ቤት እንዳለ ያሳያል። ያ ቤት የማኅበር ቤት፣ የሠርግ ቤት፣ የልቅሶ ቤት ነው፤ እነዚህን ሁሉ የሚያውቅና የሚገባባቸው ደግሞ ካህን ነው።

ከሮማ ሕዝብ ታሪክ የምንማረው

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አለመሆኑን ለማየት የአውሮፓን የሮማ ሕዝብ ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ሮማዎች ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት አባቶቻቸው ከሰሜን ሕንድ ተነሥተው ወደ ምዕራብ የተሰደዱ ሕዝብ ናቸው። ዛሬ በአውሮፓ ቁጥራቸው ከ10 እስከ 12 ሚሊዮን ይገመታል። ሌሎች ሰዎች ከግብፅ የመጡ መስሏቸው «ጂፕሲ» አሏቸው፤ ስሙም እንደ እኛው «ጠይብ» ስድብ ሆኖ ቀረ። እነርሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1971 በለንደን አቅራቢያ ባደረጉት ዓለም አቀፍ ጉባኤ «ሮማ» ተብለው እንዲጠሩ ወሰኑ። በመካከላቸው ያሉ ወገኖች የሚጠሩባቸው ስሞችም የሚያስገርሙ ናቸው፦ አንዱ ወገን ጋን ሠሪ አንጥረኛ፣ ሌላው ማንኪያ ጠራቢ፣ ሌላው ድብ አስጨፋሪ ይባላል። ሙያ ስም፣ ስምም ዕጣ ሆነ።

ለእኛ ለኦርቶዶክሳውያን በተለይ የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው። በዛሬዪቱ ሩማንያ ምድር በነበሩት በዋላኪያና በሞልዳቪያ ሮማዎች ለ500 ዓመት ያህል ባሮች ነበሩ። በዋላኪያ ስለ እነርሱ ከተጻፉት ቀደምት ሰነዶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1385 የተጻፈ ሲሆን፣ 40 ቤተሰቦች ለገዳም መሰጠታቸውን የሚያረጋግጥ ነው። ባለቤቶቻቸው መስፍኑ፣ መኳንንቱና ገዳማቱ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን የያዘቻቸው ነጻ የወጡት በሞልዳቪያ በ1844፣ በዋላኪያ በ1847 ሲሆን፣ ባርነቱ ጨርሶ የተሻረው በ1855 እና በ1856 ነው። ይኸውም የሆነው በጾም፣ በጸሎትና በቅዳሴ ሥርዓት ከእኛ ጋር ብዙ በሚመሳሰል አገር ነው። ይህን የምናነሣው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። መልካም ቅዳሴ እየተቀደሰ፣ በቅጽሩ ውስጥ ያለው ሰው እንደ ዕቃ ሊቆጠር መቻሉን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ስለሌለ ነው።

ከቅርቡ ዘመን ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። በቼክ ሪፐብሊክ የሮማ ልጆች ከሌሎች በብዙ እጥፍ በሚበልጥ መጠን የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ወደ ተዘጋጁ ልዩ ትምህርት ቤቶች ይላኩ ነበር። መላካቸውም «እንዲረዱ» ተብሎ ነበር። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ይህ አድልዎ መሆኑን ፈረደ። በእኛም ዘንድ «እነርሱም ይደሰቱ» ተብሎ ለዕደ ጥበብ ባለሙያዎች ለብቻ ሰንበቴ፣ ለብቻ ዕድር፣ ለብቻ ማኅበር ሲቋቋም ነገሩ በጎ ይመስላል። ለብቻ የተሰጠ ቦታ ግን ግድግዳውን በደግነት ማደስ ሊሆን ይችላል። የራሳቸውን ማኅበር ራሳቸው ፈልገው ቢያቋቁሙ መልካም ነው፤ እኛ ስንመድብላቸው ነው ክፋቱ።

ቡዳ ስለሚባለው ነገር

አንዳንድ አባቶች ይህን ርእስ ማንሣት ይከብዳቸዋል፤ እኛም ሳንፈራ አልጻፍነውም። ነገር ግን በአጥቢያ ደረጃ ትልቁ እንቅፋት ይህ ስለ ሆነ ማለፍ አይቻልም።

ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ዓይኑ ይበላል፣ በሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው አሉባልታ በየመንደሩ የኖረ ነው። ልጅ ሲታመም፣ ላም ወተቷ ሲነጥፍ፣ ሰው በገበያ በልቶ ሆዱን ሲቆርጠው ጣት የሚቀሰረው ወደ እነርሱ ነው። እሳት አጠገብ ውሎ አፈርን ወደ ዕቃ፣ ድንጋይን ወደ ብረት የሚለውጥ ሰው የሚፈራ መሆኑ የሌሎች አገሮችም ታሪክ ነው፤ በእኛ አገር ግን ፍርሃቱ በርስት ማጣት ላይ ስለ ተደረበ ከብዶ ቀረ።

ካህናት የሚጠየቁበት ቦታ ጠበሉ ነው። በጠበል ቦታ ርኩስ መንፈስ ያደረበት ሰው ሲጮህና ሲለፈልፍ፣ «እገሊት ናት የበላችኝ» ብሎ የሰው ስም ሲጠራ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ያ ስም በዚያው ቀን መንደሩን ይዞራል። የተጠራችው ሴት በማግሥቱ ገበያ ስትወጣ ምጣዷን የሚገዛት አይገኝም፤ ልጇ ከትምህርት ቤት እያለቀሰ ይመለሳል፤ አልፎ አልፎም ነገሩ ድብደባና ከቤት ማባረር ድረስ ይሄዳል። እዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ትምህርት ግልጽ ነው። ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ዲያብሎስን የሐሰት አባት ብሎታል። ታዲያ የሐሰት አባት በተጠመቀች ክርስቲያን ላይ የሰጠውን ምስክርነት ተቀብሎ እርሷን ከማኅበር ማስወጣት በምን ሥርዓት ይገባል? በፍርድ ሸንጎ ሐሰተኛ መሆኑ የታወቀ ሰው ምስክርነቱ አይቀበሉትም፤ በጠበሉ ዳር ግን የዲያብሎስን ቃል እንደ ማስረጃ እንቀበላለን።

ስለዚህ አጥማቂ ካህናት ሦስት ነገሮችን ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ገንዘብም አይጠይቅም። መንፈሱ ስም ሲጠራ ጸሎቱን ሳያቋርጡ ዝም ማሰኘት፤ የተጠራው ስም ከዚያ እንዳይወጣ ለቤተሰቡ ማስጠንቀቅ፤ ስሙ ወጥቶ ከሆነም በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሐሰት ምስክርነት መሆኑን በዐውደ ምሕረት ማስተማር። ከሦስቱ የመጨረሻው ይከብዳል፤ ምክንያቱም ከምእመናኑ ግማሹ ካህኑን «እርሱም ከእነርሱ ነውን?» ብሎ ሊጠረጥረው ይችላል።

ከመጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ጉዳይ የሚጠቀሰው አያልቅም። በዘጸአት ምዕራፍ 31 ባስልኤልና ኤልያብ ለድንኳኑ ሥራ በእግዚአብሔር በስም የተጠሩ የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። ኤርምያስ በምዕራፍ 18 የእግዚአብሔርን ቃል ለመስማት የተላከው ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበር። ጌታችንንም የናዝሬት ሰዎች የናቁት «ጠራቢ አይደለምን?» ብለው ነው። ለስብከት የሚዘጋጁ መምህራን በተለይ በዚህ በመጨረሻው ላይ ቆም ቢሉ መልካም ነው፤ የሰውን እጅ ሥራ አይቶ ሰውን መናቅ በወንጌል ውስጥ በማን ላይ እንደ ተፈጸመ ያሳያልና።

ለውይይት የሚሆን ሁኔታ

በሱሉልታ ዙሪያ ያለች አንዲት አጥቢያ እናስብ። ይህ ለጥናት የተዘጋጀ ምሳሌ እንጂ የአንድ የታወቀ አጥቢያ ታሪክ አይደለም። የሰበካ ጉባኤው የልማት ክፍል በአጥቢያው 20 ያህል ሸክላ ሠሪ ሴቶች መኖራቸውን ሰምቶ «ከጭቃና ከጭስ እናውጣቸው» በሚል ቅን አሳብ የልብስ ስፌት መኪና ለመግዛት ገንዘብ ያሰባስባል። ሥልጠናው ይጀመራል። ሴቶቹ ለአንድ ወር ይመጣሉ፤ ከዚያ ቁጥራቸው እያነሰ ይሄዳል። በኮሚቴው ስብሰባ ላይ «እነዚህ ሰዎች መለወጥ አይፈልጉም» የሚል ቃል ይሰማል።

ምን ጎደለ? ኮሚቴው ሳያውቀው ሙያቸው የሚያሳፍር መሆኑን ነግሯቸዋል። እናቷና አያቷ ያስተማሯትን፣ ልጆቿን ያሳደገችበትን ሥራ ትታ እንድትወጣ ስትጠየቅ፣ ጥያቄው መንደሩ ዘመኑን ሙሉ ሲነግራት የኖረው ስድብ በለሰለሰ ቃል ሆኖ ነው የሚሰማት። ደግሞም ስለ ሥራዋ የጠየቃት አልነበረም።

ቢጠይቋት ኖሮ ብዙ ትነግራቸው ነበር። የሸክላ ሥራ ቀላል ሥራ አይደለም። አፈሩ ተቆፍሮ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፤ እንዳይሰነጠቅ የተፈጨ ገል ወይም አሸዋ ይደባለቅበታል። ከዚያ በውኃ ተለውሶ ይታሻል፣ ያለ መንኮራኩር በእጅ ይሠራል፣ በጥላ ይደርቃል፣ በለስላሳ ድንጋይ ይፈተጋል፤ በመጨረሻም በእንጨት፣ በቅጠልና በኩበት እሳት ይተኮሳል። ምጣድ ከሆነ ደግሞ ገዢዋ በጎመን ዘር እያሸች ታሟሸዋለች። ሱሉልታ ደጋ ናት፤ ክረምቷ ረጅምና ብርዳም ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዕቃ በጥላ አይደርቅም፣ እሳቱም በዝናብ ይጠፋል። ስለዚህ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ገበያው በሚደራበት ጊዜ የሚሸጥ ዕቃ በእጇ አይኖርም፤ አስቀድማ ሠርታ እንዳታስቀምጥ ደግሞ መጠለያም መነሻ ገንዘብም የላትም። ዕቃውን ከደጇ በርካሽ ወስዶ በከተማ የሚያተርፍበት ነጋዴ ነው። ጉድጓዱ ሲናድ የሚጎዳ ሰው አለ። ጭሱ ዓይን ያጠፋል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የአፈሩ ጉዳይ አለ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ከተሞች፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ፣ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከመጠቃለላቸውም በፊት ፋብሪካና መኖሪያ ቤት እየሞላባቸው መጥተዋል። የሸክላ አፈር የሚገኝበት ቦታ ሲታጠር ገበሬው ካሳ ሊጠይቅ ይችላል፤ ለዘመናት አፈር ስትቆፍርበት የኖረችው ሴት ግን በምን ወረቀት ትጠይቃለች? ይህን ያላየ የልማት ዕቅድ የስፌት መኪና ቢገዛ አያስገርምም።

ገበያውም ጠፍቷል ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። እርግጥ ነው፣ ፕላስቲክ ጀሪካን እንስራውን ከገበያ አስወጥቶታል። ነገር ግን በከተማ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ፊቱ ሸክላ ነው፤ ሽቦው የሚቀበረው በሸክላው ጉድፍ ውስጥ ነው። «ላቀች» የተባለው ከሰል ቆጣቢ ምድጃም ውስጡ ሸክላ ነው። ጀበናን የተካ ነገር እስከ ዛሬ የለም። ሙያው ሊያድግ የሚችል ሙያ ነው።

አጋርነት በተግባር

አሁን ያንኑ ምሳሌ በሌላ መንገድ እንጀምረው። የልማት ክፍሉ ዕቅድ ከማውጣቱ በፊት ሁለት አባላትና አንድ የነፍስ አባት ወደ ሥራ ቦታቸው ሄደው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን አይበቃም፤ ሦስት አራት ቅዳሜ ይሄዳሉ። የሚሄዱት ለመጠየቅ ነው፤ ቅጽ ለማስሞላት አይደለም። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ «ከእነዚህ ወገን የሆነ ማን ነው?» ብሎ በዘር መዝገብ ማውጣት ፈጽሞ አይገባም። ብዙዎች ከስድቡ ለማምለጥ ሰፈር ለውጠዋል፣ ሙያቸውን ትተዋል፣ ለልጆቻቸውም አልነገሩም። የእኛ መዝገብ የደበቁትን ሊያወጣባቸው ይችላል። የሚፈለገው ሙያውን ዛሬ የሚሠሩትና ለመሳተፍ የፈቀዱት ብቻ ናቸው።

ከዚያ የሚሰማው ጥያቄ የጠበቅነው ላይሆን ይችላል። ምናልባት በመጀመሪያ የሚነሣው ገንዘብ አይሆንም። በቤታቸው የመድኃኔ ዓለምን ወይም የእመቤታችንን ዝክር ሲዘክሩ ካህኑ መጥቶ ከባረከ በኋላ እንጀራውን ሳይቀምስ በሰበብ መውጣቱ ሊሆን ይችላል። ይህን የነፍስ አባቶች ያውቁታል። ጎረቤት የካህኑን አፍ ያያል፤ ካህኑ ከበላ ነገ እርሱም ይበላል። በጀት የማያስፈልገው የመጀመሪያው የልማት ሥራ ምናልባት ይህ ነው፤ ከስፌት መኪናውም ይልቅ የሚከብድ ነው።

ቀጥሎ የውሳኔ ቦታ ይመጣል። ቃለ ዓዋዲ የሰበካ ጉባኤ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በሚመረጡ አባላት እንዲቋቋም ያዝዛል። ሸክላ ሠሪዋ ምእመን ናት። እንድትመረጥ አዲስ ደንብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በምርጫው ቀን ስሟን የሚጠቁም ሰው ነው። አንድ ሰው ብቻ ማስገባት ግን ለታይታ ይሆናል፤ ብቻዋን የተቀመጠች ሴት አትናገርምና። ቢያንስ ሁለት ቢሆኑ፣ ስለ ሥራቸው የሚወሰነውም እነርሱ በሌሉበት እንዳይወሰን በቃለ ጉባኤ ቢጻፍ ይሻላል። በሱሉልታና በቡራዩ ብዙ ምእመናን አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ስለ ሆነ ስብሰባው በየትኛው ቋንቋ እንደሚካሄድ አስቀድሞ መጠየቅም የዚሁ አካል ነው። በማታውቀው ቋንቋ በሚካሄድ ስብሰባ ላይ ድምፅ ያላት ሰው ድምፅ የላትም።

ከዚህ በኋላ ገንዘቡ ሥራ ያገኛል። አጥቢያው በዓመት ለንግሥና ለሰንበቴ የሚገዛውን ጋን፣ ድስትና ምጣድ በግንቦት አስቀድሞ ከፍሎ ቢያዝ፣ ክረምቱ ሳይገባ ሠርተው ያስረክባሉ፤ በመስከረምም ገንዘቡ እጃቸው ላይ ይሆናል። ከቤተ ክርስቲያኑ ይዞታ ጥግ ላይ ማድረቂያ የሚሆን ክፍት ዳስ መሥራት ብዙ ወጪ የለውም። ነገር ግን ስንት ዓመት እንደሚገለገሉበት በጽሑፍ ካልተስማሙ አስተዳዳሪ ሲለወጥ ዳሱ የእንጨት ማከማቻ ይሆናል። ስለ አፈሩም ወደ ክፍለ ከተማው አስተዳደር የሚሄደው ደብዳቤ የአጥቢያውን ማኅተም ቢይዝ ያግዛል፤ ጉዳዩን ቆሞ የሚያስረዳው ግን የሙያው ባለቤት ራሱ መሆን አለበት። የእኛ ሰው እየተናገረላቸው እነርሱ በር ላይ ቢጠብቁ የጥንቱ ደጅ ጥናት ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ሌላ ሃይማኖት ስላላቸው ወገኖችም አንድ ቃል እንጨምር። በጣና ዳርቻ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት፣ በጥንት ጊዜ ጉማሬ ያድኑ ስለ ነበር የተገለሉት ወይጦዎች ዛሬ በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው። በእኛም ዙሪያ ከሸክላና ከብረት ባለሙያዎች መካከል የቤተ ክርስቲያናችን አባል ያልሆኑ አሉ። የልማት ሥራ የሃይማኖት ለውጥ ማማለያ መሆን የለበትም። ጉድጓዱ፣ ዳሱና ትእዛዙ ለሙያው ነው።

ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ በዜማ የሚለምኑትን ላሊበሎችንም ማንሣት ይገባል። ካልዘፈኑ ለምጽ ይወጣባቸዋል የሚለው አፈ ታሪክ ከእነርሱ ጋር አብሮ ይዞራል፤ ከእነርሱ ግን በአገራቸው የሚያርሱ፣ ወቅት ጠብቀው ብቻ የሚወጡ ብዙዎች ናቸው። በመዘዋወራቸው ለሮማዎች ከማንም ይልቅ የሚቀርቡት እነርሱ ሳይሆኑ አይቀሩም። ስለ እነርሱ የሚገባው ጥናት ራሱን የቻለ ስለ ሆነ እዚህ አናሰፋውም።

ለጉባኤ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

የልማት ክፍሉ ይህን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ በአንድ ስብሰባ ቢያንስ እነዚህን ቢያነሣ መልካም ነው። ባለፉት 5 ዓመታት በአጥቢያችን ከጽዋ ማኅበር ወይም ከዕድር በሙያው ምክንያት የተከለከለ ሰው አለን? መከልከሉን የተናገረው ማን ነበር? በቤተ ልሔማችን ያለውን ምጣድ የሠራችውን ሴት ስሟን የሚያውቅ አለ? በጠበላችን ላይ ስም ሲጠራ የአጥማቂው ካህን ልማድ ምንድን ነው? የሰበካ ጉባኤው የሚቀጥለው ምርጫ መቼ ነው፣ ጠቋሚውስ ማን ይሆናል?

ምላሾቹ በቃለ ጉባኤ ይጻፉ። ከመጀመሪያው ስብሰባ በኋላ ሁለተኛው ስብሰባ በጽሕፈት ቤቱ ሳይሆን በሸክላ ሠሪዎቹ የሥራ ቦታ ቢሆን ይመረጣል። ወንበር ላይኖር ይችላልና ተሰብሳቢዎቹ በመደብ ላይ ለመቀመጥ ተዘጋጅተው ይሂዱ፤ ቡና ሲቀርብም ይጠጡ።